ቃለ ጉባኤው ተገኝቷል፣ አስከሬኑ አልተገኘም

የካሪቢያኗ ደሴት አገር የግሬናዳ ዋና አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በ1983 በተገደለው አብዮታዊ መሪዋ በሞሪስ ቢሾፕ ስም ነው። ስያሜውን የሰጠው በ2009 ሥልጣን ላይ የነበረው የጠቅላይ ሚኒስትር ቲልማን ቶማስ መንግሥት ነው። (ዓመቶቹንም፣ ወሮቹንም፣ ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለበለዚያ እኔም እናንተም ግራ እንጋባለን።) ቲልማን ቶማስ ማን ነው? ቢሾፕ አገሪቱን ሲመራ፣ መንግሥት የማይቆጣጠረው ጋዜጣ ለማውጣት ከሞከሩ ሰዎች ጋር ተይዞ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሁለት ዓመት ገደማ የታሰረ ሰው ነው።

ያሰረህን ሰው ስም በአገርህ በር ላይ መስቀል ቀላል ነገር አይደለም። ግን ይቅር ባይነት ብቻ አድርጌም አላየውም። ግሬናዳ፣ ካሪያኩና ፔቲት ማርቲኒክ የሚባሉትን ትንንሽ ደሴቶቿን ጨምራ 344 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ሕዝቧ ከመቶ ሺህ ትንሽ ያልፋል። እዚያ አገር አሳሪና ታሳሪ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። የሟች እናትና የገዳይ እናት አንድ ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ፖለቲካ የዘመድ ጠብ ይሆናል፤ እርቁም እንደዚያው፣ ሳይወዱ በግድ።

እኛ አገር ካሪቢያን ሲባል የሚታየን ጃማይካ ነው። ቦብ ማርሊ፣ ሻሸመኔ፣ ጃንሆይ በ1966 ኪንግስተን ሲወርዱ አውሮፕላኑን የከበበው ሕዝብ። ግሬናዳን የሚያነሳ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ለእኔ ግን ከካሪቢያን አገሮች ሁሉ ለእኛ የሰባዎቹ ታሪክ እንደሷ የሚቀርብ የለም።

ያደግሁት ስለ ስብሰባ በሚያወሩ ሰዎች መሀል ነው። አባቴና ጓደኞቹ እሁድ እሁድ ቡና ላይ ሲቀመጡ ስለ ጦርነት ብዙም አያወሩም ነበር። የሚያወሩት እገሌ በየትኛው ስብሰባ ላይ ምን እንዳለ፣ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረገ ነው። ማዕከላዊ ኮሚቴ። ሂስና ግለ ሂስ። ንዑስ ከበርቴ። ጓድ። እነዚህ ቃላት ሰው እንደሚያስገድሉ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር። ስለ ግሬናዳ አብዮት ሳነብ ያንኑ የቡና ላይ ወሬ በሌላ ሰው አፍ የሰማሁ ነው የመሰለኝ።

የግሬናዳ ታሪክ ከጁሊየን ፌዶን ቢጀመር ይሻላል። ፌዶን በአባቱ ፈረንሳዊ የሆነ፣ በዘር ክልስ፣ ነፃ ሰው ነበር። ቤልቪዲር የሚባል ተራራማ ርስት ነበረው። ደሴቲቱ በ1763 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ እጅ ከገባች በኋላ፣ እንደሱ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች መብታቸውን እየተነጠቁ ሄዱ። መጋቢት 1795 ላይ አመፀ። በባርነት የነበሩ ሰዎች በሺዎች ተቀላቀሉት። የፈረንሳይ አብዮትና የሄይቲ ትግል ወሬ በየመርከቡ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ከዋና ከተማዋ ከሴንት ጆርጅስ በቀር አብዛኛው ደሴት በእጁ ገባ። የእንግሊዙን ገዥ ኒኒያን ሆምን ማርኮ፣ ከአርባ ከሚበልጡ ሌሎች እስረኞች ጋር አስረሸነው። እንግሊዞች አመፁን ያደቀቁት በዓመቱ ሰኔ 1796 ላይ ነው። ፌዶን ግን አልተያዘም። በታንኳ ሲሸሽ ሰጠመ የሚሉ አሉ፤ ትሪኒዳድ ደረሰ የሚሉም አሉ። አስከሬኑን ያየ ሰው የለም። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ ይመለሳል።

ከዚያ ባርነት በ1830ዎቹ ቀረ። በ1840ዎቹ ገውዝ ገባ። ያ ወጥ ውስጥ ቆንጠር አድርገን የምንጨምረው ገውዝ የአገሪቱ መተዳደሪያ ሆነ፤ ዛሬም ሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ፍሬው ተስሏል። መሬቱ ግን በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ነበር፤ ሕዝቡ ለነሱ በቀን ሳንቲም ይሠራል። ይህ ነገር እስከ 1951 ድረስ ብዙም ሳይነካ ቆየ።

የነካው ኤሪክ ጌሪ ነው። ጌሪን መጥላት ቀላል ነው፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ጌሪ እወደዋለሁ። አስተማሪ ነበር፣ ከዚያ አሩባ ደሴት የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ሠራ፣ ተመልሶ መጣና የእርሻ ሠራተኞችን በማኅበር አደራጀ። በ1951 የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ርስቶች ተቃጠሉ፤ በሌሊት ሰማዩ ስለቀላ ሕዝቡ ያንን ጊዜ እስከ ዛሬ በቀይ ሰማይ ነው የሚያስታውሰው። እንግሊዞች ጌሪን ይዘው ካሪያኩ ደሴት ላይ አሰሩት። አመፁ ባሰ። በመጨረሻ ያሰሩት ሰዎች ራሳቸው ፈትተው፣ እባክህ ሕዝቡን በሬዲዮ አረጋጋልን አሉት። አረጋጋም። በዚያው ዓመት ሁሉም አዋቂ ድምፅ በሰጠበት የመጀመሪያ ምርጫ ፓርቲው ከስምንቱ መቀመጫ ስድስቱን ወሰደ። ባለ ርስት ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ይቆም የነበረ ገበሬ ቀና ብሎ መሄድ የጀመረው በጌሪ ዘመን ነው። ስለዚህ ነው በኋላ ያን ሁሉ ሲያደርግ እንኳ ገጠር ውስጥ የሚወዱት ሰዎች ያላጣው።

ሁለተኛው ጌሪ ሌላ ሰው ነው። የመንግሥት ገንዘብ አባክኗል ተብሎ ገና በቅኝ ግዛቱ ጊዜ ከሥልጣን ተነስቶ ነበር፤ በምርጫ ተመለሰ። ሞንጉስ ጋንግ የሚባሉ ዱላ የያዙ ጎረምሶች አሰማራ። ኅዳር 1973 ላይ ፖሊሶቹ ቢሾፕንና አምስት ጓደኞቹን ግሬንቪል ከተማ ውስጥ ደብድበው፣ ጭንቅላታቸውን ላጭተው እስር ቤት ወረወሯቸው። ጥር 1974 ላይ ደግሞ የጌሪ ሰዎች ወደብ ዳር የወጣውን ሰልፍ ሲበትኑ የቢሾፕን አባት ሩፐርት ቢሾፕን በጥይት ገደሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 7 ቀን 1974፣ አገሪቱ በአድማ እንደተዘጋች ነፃነት ታወጀ። (የእኛም አብዮት የፈነዳው በዚያው ወር ነው። የካቲት ምን እንዳለበት አላውቅም።) ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጌሪ በነፃነቱ ማግስት ዓለም ፊት የታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ስለ በራሪ ዲስኮች፣ ከሌላ ዓለም ይመጣሉ ስለሚባሉት ማለት ነው፣ የሚያጠና ክፍል እንዲያቋቁም ደጋግሞ ጠየቀ። ቀልድ አይደለም። በሰነድ ያለ ነገር ነው።

ሞሪስ ቢሾፕ የተወለደው አሩባ ነው፣ በ1944። ለንደን ሕግ ተምሮ በ1970 ተመለሰ። ረጅም፣ ጢማም፣ ሲናገር ሰው የሚያስቀምጥ። በርናርድ ኮርድ እኩያውና የልጅነት ጓደኛው ነው፤ አሜሪካና እንግሊዝ ኢኮኖሚክስ የተማረ፣ ቁጥር የሚያውቅ፣ ስብሰባ የሚያውቅ። አንደኛው አደባባይ ላይ ያበራል፤ ሌላው ቢሮ ውስጥ። እንዲህ ያሉ ሁለት ጓደኛሞች እኛም አገር ብዙ ነበሩ፤ የአባቴን ጓደኞች ብጠይቅ ስም ይደረድሩልኛል።

በ1973 የተመሠረተው ፓርቲያቸው ኒው ጁዌል ሙቭመንት ይባላል። መጋቢት 13 ቀን 1979፣ ጌሪ ወደ ኒውዮርክ በሄደበት፣ ሃምሳ የማይሞሉ ታጣቂዎች በሌሊት የጦር ሰፈሩን ያዙ፣ ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያውን። ጠዋት ቢሾፕ በሬዲዮ ተናገረ። የሞተው በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። ሕዝቡ ወጥቶ ጨፈረ፣ ሴቶች ለታጣቂዎቹ ምግብ አበሰሉ። ከታጣቂዎቹ መሀል ራስታዎች ነበሩበት፤ ባቢሎን ወደቀች ብለው የመጡ። ጥቂት ቆይቶ ያው መንግሥት ከራስታዎቹ ብዙዎቹን አሰረ። የጃንሆይን ፎቶ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ለሶሻሊስት አብዮት የታገሉ ሰዎች መጨረሻ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ብዙ ያናግራል፤ ለሌላ ቀን ላቆየው።

አራት ዓመት ተኩል ቆዩ። የሠሩትን መካድ አይቻልም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነፃ ሆነ። እናቶች ሲወልዱ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ የሚያገኙበት ሕግ ወጣ። በ1980 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመሩ፤ የእኛም ዘመቻ የዚያ ሰሞን ነው። ኩባ ሐኪምና የግንባታ ሠራተኛ ላከች። አሮጌው የፐርልስ አውሮፕላን ማረፊያ አጭር ነበር፣ ማታ አያሳርፍም፤ ስለዚህ ፖይንት ሳሊንስ ላይ ትልቅ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ሜዳ መሥራት ተጀመረ። ከሁሉ የምወድላቸው ግን በጀቱን ነው። የመንግሥትን በጀት ይዘው ወደ መንደር ወረዱ። ገበሬው፣ መምህሩ፣ የወደብ ሠራተኛው ተሰብስቦ ለመንገድ ስንት፣ ለክሊኒክ ስንት እያለ ጠየቀ፣ ተከራከረ። የዚህ አዘጋጅ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኮርድ ነው። በዘመኑ እንዲህ የሚያደርግ መንግሥት ብዙ አልነበረም። አሁንም የለም።

በሌላ በኩል ምርጫ አልተደረገም። ቶርችላይት የሚባለው ጋዜጣ አብዮቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ያለ ፍርድ የታሰረው ሰው በመቶ ይቆጠራል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አሜሪካ ናት ይባል ነበር፤ ግማሽ እውነት ነው። ሰኔ 1980 ላይ መሪዎቹ ከተቀመጡበት መድረክ ሥር ቦምብ ፈንድቶ ሴት ልጆች ገድሏል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በመጋቢት 1983 የቴሌቪዥን ንግግሩ የፖይንት ሳሊንስን ሜዳ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አውጥቶ የሶቪየትና የኩባ የጦር ሰፈር ነው ብሏል። ፍርሃቱ የፈጠራ አልነበረም። ግን ሁሌም ጠላት በር ላይ ነው የሚል መንግሥት ውሎ አድሮ ቤት ውስጥ ያለውንም በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራል።

ወደ ስብሰባው ልምጣ።

በ1983 አጋማሽ ፓርቲው ደክሞት ነበር። ሙሉ አባላቱ መቶ አይሞሉም፤ አባል መሆን ፈተና ነው፣ ጥናት አለ፣ ዲሲፕሊን አለ። እነዚህ ጥቂት ሰዎች መንግሥቱንም፣ ሠራዊቱንም፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበሩንም፣ የየመንደሩን ምክር ቤትም ይመራሉ። ይታመማሉ፤ ይጨቃጨቃሉ። መንገዱ ጉድጓድ ሆኗል፤ መብራት ይጠፋል። ኮርድ ከዓመት በፊት ከማዕከላዊ ኮሚቴው ለቅቋል። መስከረም አጋማሽ ላይ ኮሚቴው ለሦስት ቀን ተቀመጠ። ውይይቱ አብዮቱ ለምን እየተዳከመ ነው የሚል ነበር። መልሱ የመሪው ድክመት ነው ወደሚል ሄደ። ቢሾፕ ሕዝብ ማነሳሳት ይችላል፤ ሌኒናዊ አደረጃጀትና ዲሲፕሊን ግን ይጎድለዋል ተባለ። እንግዲያው መሪነቱ ለሁለት ይከፈል፤ ቢሾፕ ሕዝቡን፣ ኮርድ ድርጅቱን። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ለቢሾፕ ይቆያል። ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ።

ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። የሚገርመው ጨዋነቱ ነው። ማንም አይሳደብም። ሁሉም ጓድ መሪውን እወደዋለሁ ብሎ ይጀምርና ድክመቱን ይዘረዝራል። ቢሾፕ ራሱ ሂሱን እቀበላለሁ ይላል፣ ግን እንዴት ነው በሥራ ላይ የሚውለው፣ ሕዝቡ ምን ይላል፣ ጊዜ ስጡኝ ይላል። መስከረም 25 ቀን የአባላት ስብሰባ ላይ ተቀበለ። ተቃቀፉ። ለአባቴ ብነግረው ከዚያ በኋላ ያለውን ሳይነበብለት የሚያውቀው ይመስለኛል። ሰው ሁሉ የሚተቃቀፍበት ስብሰባ ጥሩ ስብሰባ አይደለም።

ቢሾፕ ወደ ሃንጋሪና ቼኮዝሎቫኪያ ሄደ፣ በኩባ በኩል ጥቅምት 8 ተመለሰ። ሐሳቡን ቀይሮ ነበር፤ ነገሩ እንደገና ይታይልኝ አለ። ለኮሚቴው ይህ ክህደት ነው፤ የብዙኃኑን ውሳኔ መጣስ። በዚሁ መሀል ኮርድና ባለቤቱ ቢሾፕን ሊያስገድሉት ነው የሚል ወሬ ከተማ ውስጥ ተሰራጨ። ወሬውን ያስነዛው ቢሾፕ ራሱ ነው ተባለ። ጥቅምት 13 የቁም እስር ታዘዘበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ ምንም አያውቅም። በጀቱን በየመንደሩ ያስረዱት፣ ለክሊኒክ ጣራ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ያማከሩት ሕዝብ መሪው ለሁለት መከፈሉን አልሰማም። አንድ ወር ሙሉ። ለእኔ የግሬናዳ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው። ማን ትክክል ነበር በሚለው አርባ ዓመት ተከራክረዋል፤ ኮርድ ሥልጣን ፈላጊ ነው፣ ቢሾፕ ወላዋይ ነው፣ ሲአይኤ ገብቶበታል። ይከራከሩ። እኔ የማየው አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ከሃያ የማይበልጡ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሠላሳዎቹን ያላገባደዱ፣ አገሩ ሁሉ የሚወደውን ሰው ሲያወርዱ አገሩን መጠየቅ እንዳልታያቸው ነው። ጉዳዩ የፓርቲው የውስጥ ጉዳይ ነው። የተማሩትም እንዲያ ነው። ወሬው ሲፈስና ከኮሚቴው አባላት አንዱ መሀል ከተማ ወጥቶ ከእንግዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮርድ ነው ለማለት ሲሞክር ሰዉ አባረረው።

ኒውዮርክ ውስጥ ብሩክሊን፣ ፍላትቡሽ ስኖር አንዲት የግሬናዳ ሴት ጎረቤት ነበሩኝ። በ1983 ተማሪ ነበሩ። ጥቅምት 19 ቀን ጠዋት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ነው የወጡት። ልጆቹ ቢሾፕ ከሌለ ትምህርት የለም እያሉ ይጮኹ ነበር። ሱቆች ተዘግተዋል፣ አውቶብስ ሙሉ ሰው ከየአውራጃው ይጎርፋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያወሩም። አንዴ ብቻ፣ ልጆች ከምሽጉ ግንብ ወደ ታች ሲዘሉ ማየታቸውን ነግረውኝ ወዲያው ዳቦ ፍሬ ስለሚሉት የአገራቸው ፍሬ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ።

የሆነው ይህ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዩኒሰን ዋይትማን መሪነት ቢሾፕ ወደታሰረበት ቤት ወጣ። ጠባቂዎቹ ወደ ላይ ተኮሱ፤ ሕዝቡ ገፍቶ ገባ፤ ቢሾፕንና የትምህርት ሚኒስትሯን ጃክሊን ክሬፍትን አወጣቸው። ወደ ገበያው አደባባይ ይሄዳሉ ሲባል ሕዝቡ አብሯቸው ወደ ወደቡ ራስ፣ ወደ ምሽጉ ዞረ። ምሽጉ ያኔ ፎርት ሩፐርት ይባል ነበር፤ በተገደለው በአባቱ ስም። ጥቂት ቆይቶ ከሌላኛው ምሽግ፣ ከፎርት ፍሬዴሪክ፣ ብረት ለበሶች መጡ። ሕዝቡ ላይ ተኮሱ። ሰዎች ከግንቡ ዘለሉ። ቢሾፕ ተኩስ አቁሙ፣ እጃችንን እንሰጣለን አለ። እሱንና ሰባት ሰዎችን ግቢው ውስጥ ካለ ግድግዳ አስጠግተው ረሸኗቸው። ዋይትማን አለበት። የቢሾፕ ልጅ እናት ክሬፍት አለችበት። ሚኒስትር አለበት፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ አለበት።

ማታ ጄኔራል ሃድሰን ኦስቲን በሬዲዮ ወታደራዊ ምክር ቤት መቋቋሙን ተናገረ፤ ለአራት ቀን ሙሉ ሃያ አራት ሰዓት ሰዓት እላፊ፣ የወጣ ይተኮስበታል። ጎረቤቴ ቤት ውስጥ የነበረው ውኃና ብስኩት ነበር። የሬሳ ሽታ የመሰላቸው ነገር በመስኮት ይገባ ነበር ይላሉ፤ ፍርሃታቸው ይሁን እውነት አላጣሩም።

ጥቅምት 25 አሜሪካ ገባች። በአጠቃላይ ሰባት ሺህ ከሚያልፍ ወታደር ጋር፣ ጥቂት የካሪቢያን አገሮች አብረው። ሁለት ቀን አስቀድሞ ቤሩት ውስጥ 241 የአሜሪካ ወታደሮች በቦምብ ሞተው ነበር፤ ሬገን ድል የሚፈልግበት ሳምንት ነው። ምክንያቱ የሕክምና ትምህርት ቤት የነበሩ አሜሪካዊ ተማሪዎችን ማዳን ነው ተባለ። 19 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ከኩባም ከግሬናዳም ሰው ሞተ፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በስሕተት ተደብድቦ ሕመምተኞች አለቁ። የግሬናዳ ርእሰ ብሔር የነበረችው የእንግሊዝ ንግሥት እንኳ በቅጡ አልተነገራትም፤ የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ተቆጣች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ108 ድምፅ ለ9 ወረራውን ነቀፈ።

ግሬናዳውያን ግን አብዛኞቹ በደስታ ተቀበሉ። ይህን የግራ ወዳጆቼ መስማት አይወዱም። ቀኑ ዛሬም የምስጋና ቀን ተብሎ በዓል ነው። ጎረቤቴ አሜሪካኖች ባይመጡ እኔ የለሁም ይላሉ፤ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ግን የቢሾፕ ፎቶ አለ። አንዱን ከሌላው ጋር አስታርቀው አያውቁም፤ እኔም አስታርቁ ብዬ አልጠየቅሁም። የጦር ሰፈር ነው የተባለውም ሜዳ በአሜሪካ ገንዘብ ጭምር ተጠናቆ በ1984 ተመረቀ፤ ቱሪስት ያወርዳል። ያ ነው ዛሬ በቢሾፕ ስም የሚጠራው።

የአሜሪካ ጦር ሲገባ የፓርቲውን መዝገብ በሙሉ ጠርጎ ወሰደ። በቶን የሚመዘን ወረቀት። ከዚያ እየመረጠ አሳተመው፤ ኮሚኒስቶች እንዲህ ናቸው ለማለት። ማን በመስከረም 14 ምን እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ ለሻይ እንደተነሱ የምናውቀው ለዚህ ነው። ከዚያ ዘመን አብዮቶች ውስጥ መጨረሻው በራሱ ጸሐፊ እጅ እንዲህ ተመዝግቦ አደባባይ የወጣ ብዙ የለም።

አስከሬኖቹ ግን የሉም። ወታደሮች በዚያው ሌሊት ካሊቪኒ ወደሚገኘው የጦር ሰፈር ወስደው ጉድጓድ ውስጥ አቃጠሏቸው። ሰፈሩ ካምፕ ፌዶን ይባል ነበር። አዎ፣ ያ ፌዶን። ኅዳር ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ጉድጓዱን ቆፍረው የተቃጠለ አጥንትና ልብስ አወጡ። ሐኪሞች መረመሩት፤ ቢሾፕ ከነሱ መሀል መኖሩን ማረጋገጥ አልተቻለም ተባለ። ከዚያ በኋላ አጥንቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ ለቤተሰቦቹ የነገራቸው የለም። ለእኛ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልጄ የት ተቀበረ እያሉ ያለፉ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን።

ኮርድና ጓደኞቹ ተከሰሱ። በ1986 አሥራ አራቱ ሞት ተፈረደባቸው፣ በ1991 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ፍርዱ ጥሩ ፍርድ አልነበረም፤ ችሎቱ በልዩ ሁኔታ የተቋቋመ ነበር፤ ይህን የሚሉት የነሱ ደጋፊዎች ብቻ አይደሉም። በመስከረም 2004 ኢቫን የሚባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲያወድም፣ የገውዙን ዛፍ ሲነቅል፣ የእስር ቤቱንም ጣራ ወሰደው። ብዙ እስረኛ ወጥቶ ሄደ። ኮርድ ቁጭ አለ። የት ይሄዳል? መቶ ሺህ ሰው ፊቱን ያውቀዋል። የተፈታው በመስከረም 2009 ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያው በቢሾፕ ስም ከተሰየመ አራት ወር ሳይሞላ። ወደ ጃማይካ ሄደ፣ መጻሕፍት ጻፈ። ግደሉ ብዬ አላዘዝኩም ሲል ቆይቷል።

ስለ ዛሬዋ ግሬናዳ ፖለቲካ የምለው ጥቂት ነው። ፓርላማው አሥራ አምስት መቀመጫ አለው፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የኪዝ ሚቸል ፓርቲ ሦስት ጊዜ አሥራ አምስቱንም ጠቅልሎ ወስዷል፣ በ1999፣ በ2013 እና በ2018። ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ማለት ነው፣ በነፃ ምርጫ። በ2022 ዲኮን ሚቸል የሚባል ወጣት ጠበቃ አሸነፈው። ዝምድና የላቸውም፤ አገሩ ትንሽ ነው ብያለሁ። የዲኮን መንግሥት በ2023፣ በአርባኛው ዓመት፣ ጥቅምት 19ን የብሔራዊ ጀግኖች ቀን ብሎ የሕዝብ በዓል አደረገው። ስለዚህ አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት በዓል አለ፤ አንዱ ቢሾፕ የተገደለበት፣ ሌላው አሜሪካ የገባችበት። ትምህርት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ እምብዛም የማይነሳው ነገር ቢያንስ ልጆች ዛሬ ለምን ተዘጋ ብለው የሚጠይቁበት ቀን አግኝቷል።

የሚቀረው አጥንቱ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት የግሬናዳ ወታደሮች ናቸው፣ አጥንቱን ያወጡት የአሜሪካ። የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሪፖርቱን በ2006 አቀረበ፤ አጥንቱን አላገኘም። ቤተሰቦቹ አሁንም ይጠይቃሉ። እኔ ጥያቄው ከሴንት ጆርጅስ ይልቅ ለዋሽንግተን መቅረብ አለበት ባይ ነኝ። የአንድን ትንሽ ፓርቲ ስብሰባ ማን መቼ እጁን እንዳወጣ ሳይቀር አሳትሞ ለዓለም የበተነ መንግሥት፣ የአጥንቱን ከረጢት ለማን እንዳስረከበ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ከመዝገብ ቤቱ ፈልጎ ማውጣት ሊያቅተው አይገባም።